ስለ ማኅበርና ስለ ዕድር፤ ምእመናን በፈቃዳቸው ስለ ሠሩት የምሕረት ሥራ

የቤተ ክርስቲያን ታሪክ በሚጻፍበት ጊዜ አስቀድሞ የሚነገረው ሕንፃውን ያሠራው፥ ታቦቱን ያስገባው፥ ጉልላቱንም ያስተከለው ሰው ስም ነው። ይህም የተገባ ነው። ነገር ግን የአጥቢያውን ድኃ ማን አበላው? ዘመድ የሌለውን እንግዳ ማን ገነዘው? ሌሊት ሰው በሞተበት ቤት ደጃፍ ድንኳን ማን ተከለ? ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ በድንጋይ ላይ ተቀርጾ አይገኝም። ይህን ሥራ የሠሩት ደመወዝ ያልተቈረጠላቸው፥ ሹመትም ያልተሰጣቸው፥ በፈቃዳቸው የተሰበሰቡ የማኅበር፥ የሰንበቴና የዕድር ሰዎች ናቸውና። ደብሩ ኢዮቤልዩውን በሚያከብርበት በዚህ ጊዜ የእነርሱን ነገር መጻፍ የሚያስፈልገው ስለ ሁለት ምክንያት ነው፤ አንደኛው ሥራቸው እንዳይረሳ፥ ሁለተኛውም ሥራቸው የቆመበት መሠረት ምን እንደ ሆነ ታውቆ ከመንገዱ እንዳይወጣ ነው።

ስለ ጥንቱ ሥርዓት

ሙታንን መቅበር ከምሕረት ሥራ አንዱ መሆኑን ቤተ ክርስቲያን የተማረችው ከመጻሕፍት ነው። ጦቢት በነነዌ በምርኮ ሳለ ንጉሡ ሰናክሬም የገደላቸውን ወገኖቹን በስውር እያነሣ ይቀብር ነበር፤ ስለዚህም ገንዘቡ ተወረሰ፥ እርሱም ሸሽቶ ተሸሸገ። ከተመለሰም በኋላ በበዓል ቀን ማዕድ ቀርቦለት ሳለ በአደባባይ የወደቀ ሬሳ እንዳለ ቢነግሩት ምግቡን ሳይቀምስ ተነሥቶ ሄደ። ጎረቤቶቹም ትናንት በዚህ ነገር ሞት ተፈርዶበት ነበር፥ ዛሬ ደግሞ ይቀብራል እያሉ ዘበቱበት። ዮሴፍ ዘአርማትያስና ኒቆዲሞስም የጌታን ሥጋ የገነዙት ደቀ መዛሙርቱ በፍርሃት በተበተኑበት ሰዓት ነው። መቅበር ብድሩን ከሟቹ የማይጠብቁበት ቸርነት ነውና ከሌላው ቸርነት ሁሉ ንጹሕ ሆኖ ይገኛል።

የምግባር ሥራ በማኅበር እንዲሠራ የተደረገው ደግሞ በሐዋርያት ዘመን ነው። በኢየሩሳሌም የምእመናን ቍጥር በበዛ ጊዜ የግሪክ ቋንቋ የሚናገሩት ወገኖች መበለቶቻችን በየዕለቱ በሚታደለው ምግብ ተረሱ ብለው አጕረመረሙ። ሐዋርያትም ይህን ነገር እንደ ተራ ክርክር አልናቁትም፤ እስጢፋኖስን የመሰሉ ሰባት ሰዎች አስመርጠው በማዕዱ አገልግሎት ላይ ሾሙአቸው እንጂ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። የዲያቆናት አገልግሎት የተጀመረው ከመዝገብ ከተረሱ ድኆች ጩኸት ነው።

የወንጌላዊው የማርቆስ መንበር በሆነችው፥ የኢትዮጵያም ቤተ ክርስቲያን ብዙ ዘመን ጳጳሳቷን በተቀበለችባት በእስክንድርያ፥ በሦስተኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ታላቅ ቸነፈር ወረደ። ሊቀ ጳጳሳቱ ዲዮናስዮስ ስለዚህ ነገር የጻፈው መልእክት በአውሳብዮስ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ፥ በሰባተኛው መጽሐፍ ተጠብቆ ይገኛል። በዚያ እንደ ተነገረው ክርስቲያኖቹ በሽተኞቹን ሳይሸሹ አስታመሙ፤ የሞቱትንም ዓይናቸውን ከድነው፥ በትከሻቸው ተሸክመው፥ አጥበውና ገንዘው ቀበሩ፤ ጥቂት ቆይተው ግን ብዙዎቹ በዚያው በሽታ ተከተሉአቸው። በኋላም ዘመን በዚያችው ከተማ ድውያንን የሚያስታምሙ ፓራባላኒ የተባሉ ማኅበርተኞች ነበሩ፤ የስማቸውም ትርጓሜ ነፍሳቸውን ለአደጋ የሚጥሉ ማለት ነው። ነገር ግን ማኅበሩ በበረታ ጊዜ በከተማው ጠብና በሹማምንት ነገር ውስጥ ገባ። ስለዚህ ዳግማዊ ቴዎዶስዮስ በ416 ዓ.ም. በአውሮፓ አቈጣጠር ቍጥራቸው ከ500 እንዳይበልጥ፥ የሚመረጡትም ከድኆች ወገን እንዲሆኑ በሕግ ወሰነ፤ በ418ም ቍጥሩ 600 እንዲሆን ፈቀደ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት፥ ለምሕረት የተሰበሰበ ማኅበር ኀይሉን ለሌላ ነገር ያዋለ እንደ ሆነ የምሕረቱ ስም እንኳ ከወቀሳ አያድነውም የሚል ነው።

ስለ ማኅበርና ስለ ሰንበቴ

ማኅበር የሚለው ቃል ኀበረ፥ ማለት አንድ ሆነ፥ ተባበረ ከሚለው ግስ የወጣ ነው። በኢትዮጵያ ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. በነገሡበት ዘመን የእመቤታችን በዓላት እንዲከበሩ፥ ተአምሯም በቤተ ክርስቲያን እንዲነበብ በብርቱ አዘዙ። በዓል በየወሩ መታሰቡ ለማኅበሩ የታወቀ ቀን ሰጠው። በ5 የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ፥ በ7 የሥላሴ፥ በ12 የሚካኤል፥ በ19 የገብርኤል፥ በ21 የእመቤታችን፥ በ23 የጊዮርጊስ፥ በ27 የመድኃኔ ዓለም፥ በ29 የበዓለ ወልድ እየተባለ ምእመናን ጽዋ ይጠጣሉ።

ሥርዓቱም እንዲህ ነው። ማኅበርተኞቹ ብዙ ጊዜ በሐዋርያት ቍጥር ዐሥራ ሁለት ይሆናሉ፤ በየወሩ ተራ የደረሰው ሰው ጠላውን ጠምቆ፥ ዳቦውን ጋግሮ፥ ወጡን ሠርቶ በቤቱ ይቀበላቸዋል። የንስሓ አባት ጸሎት አድርሶ ይባርካል፤ ጽዋውም በክብር ተሸፍኖ ለተረኛው ይተላለፋል። ማኅበሩን የሚመራው ሰው ሙሴ ይባላል፤ ሕዝቡን የሚያስተዳድርና ስለ ሕዝቡ የሚማልድ ነው ሲሉ ነው። ማኅበርተኛ ከማኅበርተኛ ቢጣላ ሳይታረቅ ጽዋውን መጠጣት ነውር ነው። ከመካከላቸው አንዱ ቢታመም ይጠይቁታል፤ እርሻው ቢያድር ያርሱለታል፤ ቢሞት ልጆቹን ይጐበኛሉ። እንግዲህ ምግቡና መጠጡ ሰሙ ነው፤ ወርቁ ግን ወንድማማችነት ነው። ሰሙን ብቻ ይዞ ወርቁን የጣለ ማኅበር ከግብር ቤት አይለይም።

ሰንበቴም ከሰንበት ስሙን ያገኘ ነው። አባሎቹ በተራቸው በእሑድ ቀን ዳቦና ጠላ ይዘው ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ባለው በሰንበቴ ቤት ይሰበሰባሉ፤ ካህናቱ ይባርካሉ፥ በደጁ የተቀመጡ ነዳያንም ከዚያው ይመገባሉ። ማኅበር በቤት፥ ሰንበቴ በደጀ ሰላም መሆኑ ልዩነታቸው ነው። ከሩቅ መንገድ የመጣ ተማሪ፥ ኮቸሮውን የጨረሰ፥ እሑድን ተስፋ የሚያደርገው ስለ ሰንበቴው ነበር። በዚያ ቍራሽ ጾመ ድጓ የቀጸለ፥ ቅኔ የቈጠረ፥ በኋላም መምህር የሆነ ተማሪ ቢቈጠር ቍጥሩ ብዙ ይሆናል።

ስለ ክፉ ቀንና ስለ ኅዳር በሽታ

በገጠር ሰው በሞተ ጊዜ የሚቀብረው ጎረቤቱና ዘመዱ ነው። በወሎ አገር ይህ ሥርዓት ቅሬ ተብሎ በደንብ የተሠራ ነው፤ በዚያ ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ ቅሬ ሆነው አንዱ የሌላውን ሬሳ ይሸኛል፥ ሐዘንተኛውንም ያጽናናል። ነገር ግን ይህ ልማድ የሚጸናው ሰው በተወለደበት ስፍራ ሲኖር ነው።

ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በሆነው ክፉ ቀን የከብት እልቂት አስቀድሞ መጣ፤ በሬ ስላለቀ እርሻ ጠፋ፥ ረኃቡም ሕዝቡን አገር ለአገር በተነው። ዐፄ ምኒልክ ሌላው እንዲያይና እንዲከተል በገዛ እጃቸው እየቈፈሩ አሳዩ፤ እቴጌ ጣይቱም የተራበውን ያበሉ ነበር። በዚያን ጊዜ ብዙ ሰው በመንገድ ወድቆ የአውሬ መብል ሆነ። በ1879 ዓ.ም. የተቈረቈረችው አዲስ አበባም ከየአገሩ የመጣ ወታደር፥ አሽከር፥ ነጋዴና የቀን ሠራተኛ የሚሰበሰብባት ሆነች። በ1909 ዓ.ም. ምድር ባቡሩ አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ የሚመጣው ሰው ይልቁን በረከተ። ከእነዚህም አብዛኞቹ ቢታመሙ የሚያስታምም፥ ቢሞቱም የሚቀብር ዘመድ በአጠገባቸው አልነበራቸውም።

ይህ ነገር በ1911 ዓ.ም. በኅዳር ወር ተገለጠ። ዓለምን ሁሉ ያዳረሰው የኅዳር በሽታ አዲስ አበባ በገባ ጊዜ በአንድ ቤት ያለው ሁሉ በአንድ ቀን ይተኛ ነበር። ውኃ የሚያቀርብ ጠፋ፤ ሬሳ የሚያነሣ ጠፋ። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን እንኳ ታመው ከሞት አፋፍ ተመለሱ። በጊዜው በነበረው ግምት በከተማይቱ የሞተው ሰው እስከ 10,000 ይደርሳል ተብሏል። ብዙ ሬሳ ያለ ፍትሐት በአንድ ጕድጓድ ገባ፤ የቀረውንም ጅብ በላው። የከተማው ሰው በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ጥራጊ እየሰበሰበ ማቃጠሉ የዚያ ዘመን መታሰቢያ ነው። በአማርኛ ቀባሪ አያሳጣህ የሚለው ምርቃት ቀድሞም የነበረ ነው፤ የዚያ ወር ሰዎች ግን የምርቃቱን ትርጕም በዓይናቸው አዩት።

ስለ ዕድር አመጣጥና ስለ ሥርዓቱ

ዕድር የሚባለው የቀብር ማኅበር በከተማ የተስፋፋው ከዚህ በኋላ ባለው ዘመን ነው። ታሪክ መርማሪዎች እንደሚሉት ሥራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ የመጡ የየአገሩ ሰዎች፥ ይልቁንም ከደቡብ የመጡት፥ ሬሳቸው በባዕድ ከተማ እንዳይጣል በመፍራት ገንዘብ ያዋጡ ጀመር፤ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው በጠላት ወረራ ዘመንም ነገሩ ይልቁን ሰፋ። ምክንያቱም አይሰወርም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግፍ የተገደለውን ሕዝብ ያየ ሰው፥ ማን እንደሚቀብረው ሳያስብ አያድርም።

ዕድር ከማኅበር የሚለየው ጽዋ ስለሌለውና የእምነት ልዩነት ስለማይከለክለው ነው። በአንድ ሰፈር የሚኖር ሁሉ በእኩል ያዋጣል፤ ሐዘን በደረሰበት ጊዜም በእኩል ይቀበላል። ባለጠጋው ብዙ ስለከፈለ ሰፊ ድንኳን፥ ድኃው ጥቂት ስለከፈለ ጠባብ ድንኳን አይተከልለትም። ዳኛ፥ ጸሐፊ፥ ገንዘብ ያዥና ዕቃ ጠባቂ ከአባሎቹ መካከል ይመረጣሉ፤ የተጻፈ ደንብና የስም መዝገብ አላቸው። ሰው በሞተ ጊዜ ጥሩንባ ነፊው ገና ሳይነጋ በየመንደሩ እየዞረ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይለፍፋል። ያን ጊዜ አንዱ ድንኳን ያወጣል፥ አንዱ አግዳሚ ይሸከማል፥ አንዱ ወደ መቃብር ቈፋሮ፥ አንዱም ካህን ሊጠራ ይሄዳል። ያለ ምክንያት የቀረ ይቀጣል። ከቀብርም በኋላ አባሎቹ ሐዘንተኛው ብቻውን እንዳይሆን እስከ ሰልስቱ በድንኳኑ ይቀመጣሉ።

ስለ ሴቶቹም ዕድር ተለይቶ ሊነገር ይገባል። ወንዶቹ ሬሳውን ሸኝተው በሚመለሱበት ጊዜ እህሉ ቀርቦ የሚገኘው ሴቶቹ ከሌሊት ጀምሮ ውኃ ቀድተው፥ እንጀራ ጋግረው፥ ንፍሮ ቀቅለው ስለቈዩ ነው። የሞተባትን ሴት ደግፈው የሚያስቀምጡ፥ ሕፃናቷን ወደየቤታቸው ወስደው የሚያሳድሩ እነርሱ ናቸው። ድስቱንና ሰፌዱን፥ ብርጭቆውንና ሣህኑን በቍጥር ተረክበው በቍጥር ይመልሳሉ። ጌታን ሊቀቡ ሽቱ ይዘው በማለዳ ወደ መቃብሩ የገሠገሡት ሴቶች ነበሩና የእነዚህም አገልግሎት ከዚያ ወገን የሚቈጠር ነው።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንደሚባለው፥ አንድ ቤት ብቻውን ቢሸከመው የሚሰብረውን ሐዘን ሰፈሩ ተካፍሎ ያቀልለዋል። የዕድር ምሥጢሩ ይህ ነው።

ስለ ዕድር በየዘመኑ

በ1950ዎቹ ዓ.ም. የማኅበርተኞች ኅብረት ከቀብር አልፎ ወደ ሌላ ሥራ ደረሰ። በአዲስ አበባ የሚኖሩ የጉራጌ ተወላጆች ገንዘባቸውን አዋጥተው ወደ አገራቸው መንገድ የሚያሠራ ድርጅት አቋቋሙ። በከተማይቱም ብዙ ዕድሮች ከማዘጋጃ ቤቱ ጋር ተባብረው የመንደር መንገድ አበጁ፥ ትምህርት ቤት አሠሩ፥ ሰፈራቸውን አስጠበቁ። በ1959 ዓ.ም. ስለ ማኅበራት ምዝገባ ደንብ በወጣ ጊዜም በመንግሥት ዘንድ የታወቁና የተመዘገቡ ዕድሮች ተገኙ።

የ1966ቱ አብዮት ከመጣ በኋላ፥ በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ሲወረስ ቀበሌዎች ተቋቋሙ፤ የሰፈሩ የልማት ሥራ ሁሉ ወደ እነርሱ ሄደ። ዕድር ወደ ቀብሩ ብቻ ተመለሰ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ዘመን ደግሞ የቀብሩ ሥራ እንኳ ተከለከለ፤ ልጃቸው የተገደለባቸው ወላጆች ማልቀስና ሐዘን መቀመጥ አልተፈቀደላቸውም ነበርና። ድንኳኑ በዕቃ ቤት ታጥፎ ሳለ፥ እናት በጓዳዋ አፍዋን ይዛ አለቀሰች። ጎረቤቶቿም በሌላ ነገር እያመካኙ እየገቡ አጠገቧ ዝም ብለው ተቀምጠው ይወጡ ነበር። የጦቢት ነገር በዚያን ጊዜ እንደ ገና ተነበበ ማለት ነው።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ዕድሮች እንደ ቀድሞው ተነሡ። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ግን ሌላ ፈተና መጣ። በኤች አይ ቪ ምክንያት ወጣቱ አለቀ፤ የዕድሩ ሣጥን በቀብር ብዛት ባዶ ሆነ፤ ሕፃናትም ያለ አሳዳጊ ቀሩ። የታመመውንም ሰው ጎረቤቱ ሸሸው። በዚህ ጊዜ በብዙ ሰፈር የዕድር ዳኞች በጉባኤ ተቀምጠው አንድ ጥያቄ ጠየቁ፤ ሰው ሲሞት ድንኳን የምንተክልለት፥ በሕይወት ሳለ ለምን መድኃኒቱን አንገዛለትም? ብለው። ደንባቸውንም አሻሽለው ድውያንን የሚያስታምሙ፥ ለእጓለ ማውታ የትምህርት ዕቃ የሚገዙ ፈቃደኞች ከመካከላቸው መደቡ። አንዳንዶቹም ብዙ ዕድሮችን በአንድ ኅብረት አሰሩ። የቀብር ማኅበር የነበረው የሕይወትም ማኅበር ሆነ። በዕድር ታሪክ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ውሳኔ የለም።

በ2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ በገባ ጊዜ ደግሞ ሰው እንዳይሰበሰብ ስለታወጀ ቀብሩ በጥቂት ሰው ሆነ፤ ድንኳኑም ቀረ። ዕድሮችም ሥርዓታቸውን ለሕያዋን ደኅንነት ሲሉ አጠፉ፥ በብዙ ስፍራም ለተቸገሩ እህል አደሉ። ከአገር ውጭ በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ያቋቋሙአቸው ዕድሮችም በባዕድ ምድር የሞተውን ወገን በክብር ይሸኛሉ፤ ኑዛዜው እንደ ሆነም ሬሳውን ወደ አገሩ ይልካሉ። በመጀመሪያ አዲስ አበባ ለገጠሩ ሰው ባዕድ ከተማ ስትሆን የተጀመረው ሥራ፥ ባሕር ተሻግሮ ያው ሥራ ሆነ።

ስለ ኢዮቤልዩ

ይህ ሁሉ መልካም ሥራ ከተነገረ በኋላ አንድ ነገር መዝለል ግን አይገባም። ዕድር የሚረዳው በመዝገቡ የተጻፈውን ነው። ሳጥኑ በሞላ ቍጥር አዲስ የሚገባው ሰው የሚከፍለው የመግቢያ ገንዘብ ይከብዳል፤ ወርኃዊውን መዋጮ ለብዙ ወር ያላገባም ስሙ ይሰረዛል። ሕግ የሌለው ማኅበር ስለማይጸና ይህ አላግባብ አይደለም። ነገር ግን የሚሰረዘው ማን ነው? ሥራ ያጣው፥ በሽታ የጸናበት፥ ባልዋ የሞተባት፥ በኪራይ ከቤት ወደ ቤት የሚዛወረው ነው፤ ማለትም ዕድር ይልቁን የሚያስፈልገው ሰው ነው። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮም የአዲስ አበባ አሮጌ ሰፈሮች እየፈረሱ ነዋሪዎቹ ወደ ዳር አገር ወዳሉ የጋራ ቤቶች ሄደዋል። ብዙዎች ለቀብር ወደ ቀድሞው ዕድራቸው በአውቶቡስ ይመጣሉ፤ መምጣት ያልቻለው አረጋዊ ግን ከድሮው መዝገብ ወጥቶ በአዲሱ ሳይጻፍ በመካከል ይቀራል።

በኦሪት ዘሌዋውያን እንደ ተጻፈው ኢዮቤልዩ ሰባት ጊዜ ሰባት ዓመት ከተቈጠረ በኋላ የሚመጣ ሃምሳኛው ዓመት ነው። ቀንደ መለከት የሚነፋበት፥ በድህነት የተሸጠው ሰው ነጻ የሚወጣበት፥ ርስቱን ያጣውም ወደ ርስቱ የሚመለስበት ነው። እንግዲህ ኢዮቤልዩ መዝገብ የሚመረመርበት ዓመት ነው። የደብሩ ማኅበራትና በአጥቢያው ያሉ ዕድሮች በዚህ በዓል የተሰረዙትን ስሞች አውጥተው ቢያነቡ፥ ስለ ድህነት የወጣውን ዕዳውን ምረው ቢመልሱት፥ በአጥቢያው ሳይጻፍ የሚኖረውን እንግዳ ፈልገው ቢጽፉት፥ በዓሉ እንደ ሕጉ ተከበረ ይባላል። የንስሓ አባቶችም ስማቸው የጠፋውን ድኆች ቤት ለቤት ያውቋቸዋልና በዚህ ሥራ ቀዳሚ መሆን ይችላሉ። በኢየሩሳሌም የተረሱት መበለቶች ጩኸት ሰባቱን ዲያቆናት እንዳስገኘ፥ ዛሬም ከመዝገብ የወጡት ሰዎች ዝምታ ለቤተ ክርስቲያን አገልጋዮችን ሊያስነሣላት ይገባል።

ጥሩንባ ነፊው በንጋት የሚጠራው የሞተውን ሰው ስም ነው። የኢዮቤልዩ መለከት ግን የሚጠራው በሕይወት ያለውን ነው። ሁለቱንም ድምፅ የሰማች አጥቢያ ቀባሪም አታጣም፥ ጠዋሪም አታጣም።

የሠሩትን በስማቸው የሚያውቃቸው አምላክ ነፍሳቸውን በአብርሃም፥ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን፤ የቀሩትንም ለዚህ አገልግሎት ያበርታልን። አሜን።